«ይሄ ስልክ ጠልቶኛል»

አንድ ሰኞ ጠዋት ሱቁን ገና ሳልከፍት አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሲመጡ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ጠልቶኛል» አሉኝ።

መገናኛ አካባቢ ስልክ መጠገን ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። «ታቹ አልሠራ አለኝ» የሚል ደንበኛ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። እሳቸው መጀመሪያ የመጡ ቀን በራሴ ጣት ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ይሠራል። ዋትስአፑ ከፊት ገጹ ጠፍቶ ስለነበር መለስኩላቸው። ሁለተኛው ቀን ሶፍትዌሩን አድሼ 300 ብር ተቀበልኩ።

በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለቻቸው። የምታርፈው እሁድ ብቻ ነው፤ የምትደውለውም ያኔ ነው። «አራት ጊዜ ደወለች። ፎቶዋ ይታየኛል፣ እጫነዋለሁ፣ አይነሳም። እያየኋት ተዘጋ» አሉኝ።

«እናቴ፣ እስቲ እኔ ልደውልልዎና እርስዎ ያንሱት» አልኳቸው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ማለት ነበረብኝ።

ከራሴ ስልክ ደወልኩ። አውራ ጣታቸውን አረንጓዴው ምልክት ላይ አሳርፈው በኃይል ተጫኑት። ምንም የለም። ደግመው ተጫኑት። ያን ጊዜ ስልኩን ትቼ ጣታቸውን አየሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የኖሩ ሴት ናቸው። የጣታቸው ጫፍ በምጣድ ግለት ደርቆ እንደ ቆዳ ጠንክሯል።

የስልክ ስክሪን ጉልበት አይቆጥርም። መስታወቱ ሥር በዓይን የማይታይ ቀጭን የኤሌክትሪክ መረብ አለ። ጣታችን እርጥበት ስላለው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መረቡም የሚያውቀን በዚያ ነው። በጥፍር ወይም በጓንት ስንነካው ዝም የሚለውም ለዚህ ነው። የደረቀና የጠነከረ ጣት ደግሞ ለስክሪኑ ከጓንት ብዙም አይለይም። በዚያ ላይ ስክሪኑን ከጭረት እንዲከላከል የተለጠፈው ግላስ ወፍራም ርካሽ ነበር፤ ጠርዙም ተነስቶ አየር ገብቶበታል።

ሌላም ነገር ነበር። እሳቸው የለመዱት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱን ጠበቅ አድርጎ መጫን ያስፈልጋል። ይሄኛው ግን ሲቆዩበት ሌላ ትእዛዝ ይመስለዋል። ዋትስአፑን ከፊት ገጹ ያጠፋውም ይኸው ነው።

ግላሱን አንስቼ ስስ ላስቲክ ለጠፍኩ። ሴቲንግ ውስጥ «ተደራሽነት» የሚል ክፍል አለ። እዚያ ገብቼ ነክቶ የመያዣውን ጊዜ ወደ ረጅም ቀየርኩት፤ ፊደሉንም አተለቅኩት። ቅባት አመጣሁና እጃቸውን አሹ። ከዚያ በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸውና መደወል ጀመርኩ።

«አይጫኑት እናቴ። ዳሰስ አድርገው ወደ ላይ ይጎትቱት።»

«እንደ ምን?»

ቃል አጣሁ። እሳቸው ራሳቸው ትንሽ አሰቡና «ከአክንባሎ ላይ አመድ እንደማራገፍ?» አሉ። አዎ፣ ልክ እንደዚያ።

አምስት ጊዜ አመለጣቸው። በስድስተኛው «ሃሎ» የሚለው ድምፄ ከስልካቸው ሲወጣ ሁለታችንም ዝም አልን። ከዚያ ሰባት ስምንት ጊዜ ደጋገምነው። ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ይጠብቅ። ቤት ያሉ የልጅ ልጆቻቸው ስልኩን ተቀብለው፣ አስተካክለው ይመልሱላቸዋል እንጂ አንድ ቀን እንኳ እሳቸው እንዲሞክሩት አልጠበቋቸውም። እኔም ሁለት ቀን ያደረግኩት ያንኑ ነው። 300 ብሩን መለስኩ። አልቀበልም ብለው ተከራከሩኝ፤ በግድ እጃቸው ውስጥ አስጨበጥኳቸው።

ከወር በኋላ ጎረቤታቸውን ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ጥጥ ፈታይ ናቸው፤ የእሳቸውም ስልክ «አልሰማ» ብሏል። ገና እጄን ስዘረጋ እናቴ ቀደሙኝ። ስልኩን ለጎረቤታቸው መልሰው በርጩማውን ሳቡና «አንቺው ያዢው። እሱ ይደውልልሻል» አሏቸው።