«ስጦታ ነው እኮ» ያሉት አራት ካርቶን

ደሴ ላይ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ከቻይና 40 የኢንዱስትሪ ስፌት ማሽን አዘዘ። ሻጩ አንዱን ማሽን በሦስት ካርቶን ነው የሚያሽገው፤ ጭንቅላቱ ለብቻ፣ የጠረጴዛው ገበታ ለብቻ፣ እግሩና ሞተሩ አንድ ላይ። በድምሩ 120 ካርቶን። ኢንቮይሱም፣ ፓኪንግ ሊስቱም (የካርቶኖቹ ዝርዝር)፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉም (የመርከቡ የጭነት ሰነድ) ይህንኑ ይላሉ። ባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲገባ ማኅተሙ አልተነካም።

ለጉምሩክ የቀረበው የዕቃ መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ቀይ መስመር ላይ ወደቀ፤ ሰነዱም ዕቃውም ይፈተሻል ማለት ነው። ቆጠራው 124 ላይ ቆመ። ትርፎቹ ሲከፈቱ ሦስቱ የፖሊስተር ክር፣ አንዱ መርፌ ሆኖ ተገኘ።

«ሐጂ፣ ይኼ ወረቀቱ ላይ የለም» አለ የጉምሩኩን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ትራንዚተር።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው የመጡት የድርጅቱ ባለቤት ነገሩን አቀለሉት። «ስጦታ ነው እኮ ልጄ! ሰውዬው በስልክ ነግሮኝ ነበር።»

ጉምሩክ ዘንድ ግን በነጻ የተሰጠ ዕቃም ዋጋ አለው። ተመሳሳዩ በሚያወጣው ይተመንና ቀረጡ ይሰላል። ታሪፉም አንድ አይደለም፦ ማሽኑና መርፌው በታሪፍ ቁጥር 8452 ሥር ቢሆኑም መርፌው የራሱ ንዑስ ቁጥር አለው፤ የፖሊስተር ስፌት ክር ደግሞ እንደ አሠራሩ 5508 ወይም 5401 ውስጥ ነው የሚገባው። «የማሽኑ አካል ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ባንኩ የውጭ ምንዛሪ ክፍያ የፈቀደው ለማሽኑ ብቻ ስለነበረ «የዚህስ ክፍያ በምን ሄደ?» የሚል ጥያቄ ተከተለ። ባለቤቱ ቀድመው ለትራንዚተሩ ቢነግሩት ኖሮ ዲክላራሲዮኑ ውስጥ ይካተት ነበር። በፍተሻ ሲገኝ ግን ያልተገለጸ ዕቃ ነው፤ ቅጣት አለው። እስኪጣራ ድረስ 40ውም ማሽን ቆመ፣ የወደብ ኪራዩም ይቆጥራል። ለክር!

ስህተቱ የሚጀምረው ላኪው ጋ ነው። ፓኪንግ ሊስቱን የሽያጭ ሠራተኛው ትእዛዙ በገባ ቀን ይጽፈዋል፤ መጋዘን ያሉት ጫኞች ደግሞ ቦታ ሲተርፍ «ለደንበኛችን» ብለው ይጨምራሉ። የቢል ኦፍ ሎዲንጉ ቁጥርም አያስተማምንም፤ ላኪው ራሱ ሞልቶ ያሸገውን ኮንቴይነር መርከቡ ከፍቶ አይቆጥርም፣ የተነገረውን ነው የሚጽፈው። ማኅተሙም የሚመሰክረው መንገድ ላይ እንዳልተከፈተ ብቻ ነው።

ስለዚህ ስጦታም ሆነ ምትክ ዕቃ ገና በፕሮፎርማው (ሻጩ አስቀድሞ በሚልከው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ የራሱ መስመር፣ ብዛትና ዋጋ ይኑረው፤ ባንክ የሚፈቅደው እዚያ ያለውን ነው። ጭነቱ ካለቀ በኋላ፣ ቢሉ ከመውጣቱ በፊት፣ የመጨረሻውን ፓኪንግ ሊስትና የቢሉን ረቂቅ አስልኩ። የካርቶን ብዛት፣ ጠቅላላ ክብደት፣ የኮንቴይነርና የማኅተም ቁጥር፣ የተቀባዩ ስም በባንኩ ፈቃድ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይመሳከር። እኛ ከሁሉ የምናምነው ክብደቱን ነው፦ የየካርቶኑ ኪሎ ተደምሮ ከጠቅላላው ካልገጠመ ያልተጻፈ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል። ፎቶም ጠይቁ፤ ባዶው ኮንቴይነር፣ ግማሹ ሲሞላ፣ በሩ ተዘግቶ የማኅተሙ ቁጥር ሲነበብ። ቢሉ ከወጣ በኋላ ማስተካከል ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ከጭንቅላቱ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋ የመፍቻና የቦቢን ከረጢት ግን ከማሽኑ ጋር የምትሸጥ ናት፤ ለእሷ ፓኪንግ ሊስቱ ላይ «ከመደበኛ መፍቻዎቹ ጋር» ተብሎ ቢጻፍ ይበቃል።