ቁጥሩን ያሳመረው ብረት

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ። የማስተርስ ተማሪዎች ሥራ ሲጣመምባቸው መጀመሪያ የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ይሄኛው ግን የመጣው ሥራው አምሮለት ነበር።

ልጁ ከቡና ገለባ የሱፐርካፓሲተር ኤሌክትሮድ ይሠራል። ሱፐርካፓሲተር እንደ ባትሪ ቻርጅ የሚይዝ ዕቃ ነው፤ ኤሌክትሮዱ ቻርጁ የሚያርፍበት ክፍሉ ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ገበያ ላይ ካሉት ሱፐርካፓሲተሮች የብዙዎቹ ካርቦን ከኮኮናት ቅርፊት የተሠራ ነው። እኛ ጋ ደግሞ የቡና ገለባ ሞልቷል። ደረቅ ቡና ሲፈለፈል ለአንድ ኪሎ ፍሬ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ገለባ ይወጣል። አሠራሩ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ገለባውን አጥበህ፣ አድርቀህ ታስፈጫለህ። አየር በሌለበት ታከስለዋለህ። ከዚያ ከፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ደባልቀህ፣ ናይትሮጅን እያሳለፍክበት 700 ወይም 800 ዲግሪ ላይ ታቆየዋለህ። ኬሚካሉ ካርቦኑን እየበላ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ በቀዳዳ ያደርገዋል። በደንብ ከተሠራ የአንድ ግራም ዱቄት የውስጥ ገጽታ ከ1000 ካሬ ሜትር ይበልጣል። ቻርጁ የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው።

ልጁ ግራፉን አሳየኝ። ንጹሕ ካርቦን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ሆኖ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሲደረግበት አራት ማዕዘን የሚመስል ቅርጽ ያወጣል። የእሱ ግን መሃሉ ላይ ሁለት ጉብታ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ጉብታ ማለት ትርፍ ቻርጅ ነው። የሚይዘው የቻርጅ ቁጥር በፊት ከሠራው ካርቦን ሲነጻጸር በጣም ዘሏል። አማካሪው ዶክተር "ካርቦኑ ላይ የተጣበቁ፣ ኦክስጅን ያዘሉ የአቶም ቡድኖች ናቸው፤ ከዕፅዋት በተሠራ ካርቦን ላይ የሚጠበቅ ነው" ብለውታል። ያላግባብ አልተናገሩም። እነዚያ ቡድኖች እውነትም እዚያው አካባቢ ጉብታ ያወጣሉ።

እኔ ግን አንድ ልማድ አለኝ። ሴሉን፣ ማለትም ሁለቱ ኤሌክትሮዶች አሲድ ውስጥ የተገጠሙበትን ዕቃ፣ ቻርጅ አድርጌ፣ ገመዱን ነቅዬ አሳድረዋለሁ። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ በጥናቱ ውስጥ የለም" አለኝ። ይደር አልኩት። ማታ ስንወጣ 1 ቮልት አካባቢ የነበረው ጠዋት ግማሹን እንኳ አልያዘም። ከጎኑ ያሳደርነው የበፊተኛው ካርቦን ብዙም አልወረደም።

"ምን ቀየርክ?"

"ምንም።"

ተማሪ "ምንም" ሲል ነገሩን ከመጀመሪያው ማስተረክ ነው። ቀስ እያለ ወጣ። የላብራቶሪው የሴራሚክ መፍጫ ስለተበላሸ ገለባውን ሰፈር ወፍጮ ቤት ወስዶ አስፈጭቶታል። ያውም ብረት በብረት የሆነ፣ መዶሻ ያለው ወፍጮ። በዚያ ላይ ካርቦኑ የሚታጠብበት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አልቆ ነበር። ጥያቄው ግዢ ክፍል ተኝቷል፤ እዚያ የተኛ ነገር ቶሎ አይነሣም። ስለዚህ ካርቦኑን ያጠበው በተጣራ ውሃ ብቻ ነው። ሁለት "ለጊዜው" አንድ ላይ ገጠሙ።

የተረፈውን ያልከሰለ ዱቄት አስመጣሁት። ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልዬ ዱቄቱ ውስጥ አማሰልኩት። ሳወጣው ገለባው ረገፈ፤ ጫፉ ላይ ግን ጥቁር ነገር ጸጉር ጸጉር ሆኖ ቆሞ ቀረ። ማግኔቱን ከፌስታሉ ሳወጣው ሁሉም ነጭ ወረቀት ላይ ተዘረገፈ። የብረት ብናኝ። ለማረጋገጥ ከካርቦኑ ጥቂቱን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ አሳደርን፣ አጣራን፣ የሟሟ ብረት ሲያገኝ የሚቀላውን ፖታሲየም ታዮሳያኔት ጠብ አደረግንበት። ፈሳሹ ወዲያው ቀላ። ልጁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ብረት አሲድ ውስጥ ሲሟሟ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነታቸው አንድ ኤሌክትሮን ነው። ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ ጋ ኤሌክትሮን ይጭናል፣ ፖዘቲቩ ጋ ያራግፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ልክ እንደ ሚኒባስ ታክሲ ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስ ያድራል። ገመድ ሳይገናኝ ሴሉ ከውስጥ ያልቃል። የጉብታውም ምክንያት ይኸው ነው። ከቡና ገለባ ተገኘ የተባለው ትርፍ ቻርጅ አብዛኛው የወፍጮው መዶሻ ነበር።

ልጁ ወፍጮ ቤት ሄዶ ነገሩን ሲያወራላቸው ሰውዬው አልገረማቸውም። "መዶሻው ከተቀየረ ቆይቷል። እስከ ዛሬ ማን ጠይቆኝ ያውቃል?" አሉት። እህል ያስፈጩ የነበሩ አንዲት እናት ግን ጆሯቸውን አቁመው ነበር አለኝ።

አሲዱ በስንት ውትወታ መጣ። ካርቦኑን በሙቅ አሲድ ደጋግሞ አጠበው። ጉብታው ሟሸሸ፤ ቁጥሩም አብሮ ወረደ። ሴሉ ግን አደረ። አሁን ላብራቶሪያችን ውስጥ ያልከሰለ ዱቄት ሁሉ ማግኔት ያልፍበታል፤ ገመድ ተነቅሎ ያላደረ ሴል ቁጥርም ለአማካሪ አይላክም።

ዶክተሩ አዲሱን ግራፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ለጉባኤ የላኩትን አጭር ጽሑፍ እንዲያስቀይር ነገሩት። ልጁ ሁለቱንም ግራፎች ጎን ለጎን አድርጎ አቀረበ። ከተሰብሳቢው የመጣው ጥያቄ ሁሉ ማለት ይቻላል ስለተበላሸው ነበር።