የፖፕ አርት ገለጻዬና የሾርባው ጣሳ ጣጣ

ለወጣት ሠዓሊዎች የፖፕ አርት (ማስታወቂያን፣ ሸቀጥንና ዝነኞችን ጉዳዩ ያደረገ የሥነ ጥበብ እንቅስቃሴ) መግቢያ ገለጻ ሳዘጋጅ የሚያደክመኝ ታሪኩ ይመስለኝ ነበር። ታሪኩ ግን አላስቸገረኝም። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ሪቻርድ ሃሚልተን ለንደን ውስጥ ከመጽሔት በቆረጣቸው ምስሎች ከሠራው ኮላጅ ተነሣሁ፤ በ1961 ሮይ ሊክተንስታይን ሚኪ ማውስንና ዶናልድ ዳክን በሣለበት ሸራ በኩል ወደ አሜሪካ ተሻገርሁ። የሥዕሎቹን ቅጂዎች አሳትሜ አዳራሽ ጠየቅሁ።

ያንገበገቡኝ የአዳራሹ ኃላፊ ናቸው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል በ1962 የሣላቸውን የካምቤል ሾርባ ጣሳዎች እንዳዩ «ይህ የንግድ ማስታወቂያ ነው» ብለው የኩባንያውን ደብዳቤና የማስታወቂያ ክፍያ ጠየቁኝ። ሥዕሎቹ 32 የሆኑት ኩባንያው 32 ዓይነት ሾርባ ይሸጥ ስለነበር እንደሆነ፣ የታተሙ ቢመስሉም በእጅ እንደተሣሉ፣ ዛሬ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም እንደሚገኙ አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ስሙ በነጭ ወረቀት ይሸፈን» አሉ። ስሙ ከተሸፈነ ምን ይቀራል? ዋርሆል እኮ ለዓመታት የጫማ ማስታወቂያ ሲሥል የኖረ ሰው ነው፤ ሌላው የፖፕ አርት ሠዓሊ ጄምስ ሮዘንኲስትም በኒው ዮርክ ግዙፍ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችን ይቀባ ነበር። ማስታወቂያ የእነዚህ ሰዎች ሙያም፣ የሥዕላቸው ጉዳይም ነበር።

የፊልም ተዋናይዋን የማሪሊን ሞንሮን ምስል ግን «እሷ ሸቀጥ አይደለችም» ብለው ያለ አንዳች ጥያቄ አሳለፉት። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ማሪሊን በ1962 ከሞተች በኋላ ዋርሆል አንድ የፊልም ማስተዋወቂያ ፎቶግራፍ አንሥቶ ፊቷን በአንድ ሥራ ላይ 50 ጊዜ አተመው። እኔ እንደማየው ከጣሳው ይልቅ የሚያሳምመው ይህ ሥራ ነው፤ ሰው እንዴት ሸቀጥ እንደሚደረግ የሚናገረው እሱ ነውና።

ስሙን አልሸፈንሁም። ገለጻውን ወደ አንድ ወዳጄ ጠባብ ስቱዲዮ አዛወርሁ፤ ሰዉ ቆሞ አዳመጠ። በዚህ እኮራለሁ።

እንደ እኔ ለገለጻ አዳራሽ የምትጠይቁ ከሆነ፣ የአዳራሹ መመሪያ ከማመልከቻው ጋር የሥራዎቹን ምስል አያይዙ ይላል። እኔ አታያይዙ እላለሁ። የሥራውን ርእስ፣ ዓመቱንና የሚገኝበትን ሙዚየም ብቻ ጽፋችሁ ኃላፊውን በአካል አነጋግሩ፤ ምስሉን ከማብራሪያው ጋር አብራችሁ አሳዩ። የተፈቀደላችሁንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገለጻውን ደግሞ በትርጓሜ አትጀምሩ። ጣሳዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዩ አንድ ጎረቤት ሥዕል ነጋዴ እውነተኛ ጣሳዎችን በመስኮቱ ደርድሮ «እኔ ጋ ይረክሳል» በማለት ተሳልቆ ነበር፤ ያሳያቸው ባለ ጋለሪ ግን 32ቱን እንዳይበታተኑ በ1,000 ዶላር ለራሱ አስቀራቸው። ይህን አስቀድማችሁ ተርኩና ከሁለቱ ማን ልክ እንደነበረ ጠይቁ። እኔ ጋ ክርክሩ ገና ሃሚልተን ላይ ሳልደርስ ጦፎ ነበር።