ሞራ የጋረዳት ኮሮላ

ማታ መንገድ አልታይ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዓይኑን ነው። እኔም እንደዚያው። ቤታችን ሱሉልታ ነው። ከሥራ ወጥቼ ኮሮላዬን እየነዳሁ በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ዳገት አልፌ ስወርድ መሽቶ ይጠብቀኛል። ጭነት ያላት አህያ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው፣ ሁሉም የሚታየኝ አጠገቤ ሲደርስ ነው። ባለቤቴ "ዓይንህን ታየው እንጂ፣ ዕድሜ እኮ ነው" ትለኛለች። "እሺ" እላለሁ። አልሄድም።

ነገሩን የነገረኝ ሰፈራችን ውስጥ መኪና ቀለም የሚቀባው ልጅ ነው። የተጫረ በር ሊያይልኝ መጥቶ ዓይኑ ወደ ፊት መብራቱ ሄደ። "ጋሼ፣ ይቺን መኪና እኮ ሞራ ጋርዷታል" አለኝ። ሳቅሁ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን እውነቱን ነው። ሁለቱም መብራቶች ቢጫ ሆነዋል። ከላይ በኩል፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሻክሯል። በጥፍሬ ስፍቀው ስስ ቅርፊት ተነሳ። ከታች በኩል፣ ጥላ የሚያገኘው ጠርዝ፣ አሁንም ጥርት ያለ ነው። ልጁ የሃይላንድ ውሃ አንስቶ አፈሰሰበት። እርጥብ እያለ ጠራ። ሲደርቅ ተመልሶ ደበዘዘ። "አዩ? በሽታው ላይ ላዩን ነው፣ ውስጡን አልነካውም" አለኝ። የውስጡ ቢሆን ውሃው ምንም አይለውጠውም ነበር።

የድሮዎቹ ላዳ ታክሲዎች ይሄ ችግር አልነበረባቸውም። አካላቸው ዝጎ፣ በራቸው በገመድ ታስሮም መብራታቸው ጥርት ያለ ነው፤ መስታወት ነዋ! የዛሬዎቹ መኪኖች መብራት ግን ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፣ ድንጋይ ቢመታው እንደ መስታወት አይረግፍም፣ በፈለጉት ቅርጽ ይወጣል። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ላዩን ጨረር የሚከላከል ስስ ሽፋን ይቀባዋል። ያ ሽፋን ሲያረጅ ይሰነጣጠቃል፣ ይላጣል፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክም ቢጫ ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ ፀሐዩ ይብሳል። ከባሕር ጠለል በየ1000 ሜትሩ ወደ ላይ ሲኬድ ፕላስቲኩን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር (አልትራቫዮሌት የሚባለው) 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ሱሉልታ ከዚያም ከፍ ትላለች። ብርዱን እያየን ፀሐዩን እንንቀዋለን እንጂ ሥራውን እየሠራ ነው።

ወሬው ከተሰማ በኋላ ምክር በነጻ ነው። አንዱ በጥርስ ሳሙና እሸው አለኝ። ሌላው በቤንዚን ጥረገው፣ ወዲያው ያበራል አለ። ላቫጆ ያለው ልጅ ደግሞ የወባ ትንኝ መከላከያ ቅባት ተአምር ይሠራል ብሎ ማለልኝ። የጥርስ ሳሙናው ቢያንስ ክፋት የለውም፤ በጣም ደቃቅ መፈቅፈቂያ ስላለው ትንሽ ያጠራል። ቤንዚኑና የትንኙ ቅባት ግን ፕላስቲኩን ያቀልጡታል። ለዓይን ያማረ ነገር ይታያል፣ ከሥሩ ግን ይሰነጠቃል። መኪና ለመሸጥ ያሰበ ሰው ዘዴ ነው ይሄ፤ ነገ ማታ በዚያው መኪና ልጁን ይዞ ለሚነዳ ሰው አይሆንም።

ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ገባሁበት። ጥቅምት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። መብራቱን በሳሙና አጥቤ ዙሪያውን የቀለም ቀቢዎቹን የወረቀት ፕላስተር ለጠፍኩበት፣ የመኪናው ቀለም እንዳይጫር። ከዚያ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት፦ መጀመሪያ 800 ቁጥር፣ ቀጥሎ 1500፣ ቀጥሎ 2000፣ መጨረሻ 3000። አንዱን ወደ ጎን፣ ቀጣዩን ወደ ላይና ወደ ታች። እንዲህ ሲሆን የፊተኛው ጭረት ጠፍቶ እንደሆነ ይታያል። ውሃ ሳይቋረጥ ይፈሳል። በመጀመሪያው ወረቀት የሚወርደው አረፋ ቢጫ ነው፣ እጅጌዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ክርኔ ወረደ። ቢጫው አልቆ ነጭ መውረድ ሲጀምር አሮጌው ሽፋን ተነሥቷል ማለት ነው። ያኔ መብራቱ ከበፊቱ ብሶ ያስፈራል፣ ሙሉ በሙሉ ነጭ ጉም ይሆናል። ባለቤቴ ብቅ ብላ አየችና "ጨረስከው በለኛ!" ብላ ገባች። ፖሊሹን በንጹሕ ጨርቅ ሳሸው ግን ከጉሙ ሥር አምፖሉ ብቅ አለ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ደስ አለኝ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ቀለም ቀቢው ልጅ እንዳስጠነቀቀኝ ግን አሁን መብራቱ ራቁቱን ነው። ፋብሪካው የቀባውን ፍቄ ጥዬዋለሁ። እንዲሁ ቢተው በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ እንደገና መፈቅፈቅ ነው። ስለዚህ በአልኮል ጠርገነው ፀሐይ የሚከላከለውን የመኪና ክሊር፣ ማለትም ቀለም የሌለውን ጥርት ያለ መሸፈኛ፣ ረጨበት። ይሄኛውን ለእሱ ተውኩት። ጭሱ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ እሱ ደህና ጭምብል አለው። ሙያም ለባለሙያው።

ማታ ወጥቼ ሞከርኩት። የአስፋልቱ ጠርዝ ይታያል፣ ከጠርዙ ውጪ ያለው ቦይም ይታያል። ቢሆንም አዲስ አልሆነም። የአሜሪካው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2018 እ.ኤ.አ. ባስለካው መሠረት እንዲህ የደበዘዘ መብራት አዲስ ሳለ ከሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶውን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሲፈገፈግ ደግሞ ወደ 70 በመቶ ይመለሳል። የቀረውን 30 ከየት ላምጣ? አዲስ መብራት የሚጠይቁበትን ዋጋ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዓይኔን ለመታየትም ቀጠሮ ይዣለሁ፣ የባለቤቴም ነገር ከንቱ እንዳይሆን።

ይሄን ያየ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ዛሬ በር አንኳኳ። የጎን መጋረጃው፣ ያ የሚጠቀለለው ላስቲክ፣ ጭጋግ ሆኖበታል። "ጋሼ፣ እንደ መብራትዎ አድርጉልኝ።" እንደማይሆን ነገርኩት። የእሱ ለስላሳ ላስቲክ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ካረፈበት አለቀለት፣ ሲጠቀለልም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ለጊዜው በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ፣ አቧራ እንደያዘ አለመጠቅለል። ካልሆነም መርካቶ በሜትር ገዝቶ ማሰፋት ነው። ፊቱ ጨለመ። ከዚያ "የፊት መስታወቴስ?" አለኝ። እሱማ መስታወት ነው፣ መታጠብ ብቻ ነው የጎደለው። ባልዲውን ሰጠሁት።