ጉልበቴ የስቅለት ዕለት ታጠፈ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። ስለት አለብኝ። ከዳንኩ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ። ይኸው ልክፈል።

እንቅርቴን በቀዶ ጥገና ያስወጣሁት በ2013 ዓ.ም. ነው። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሙሉ በሙሉ ስለወጣ፣ ሆርሞኑን የሚተካ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን ዕድሜ ልኬን እንድወስድ ታዘዘልኝ። ካልሲየምም አብሮ። ቁስሉ በደንብ ዳነ። ከወራት በኋላ ግን መገጣጠሚያዬን ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ጣቶቼን፣ ቀጥሎ ጉልበቴን። ጠዋት ስነሳ እጄ አልጨበጥ ይላል። ሊጥ ማቡካት ቀረ። የጋብቻ ቀለበቴን አውልቄ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሰግድ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ከሕመሙ ይልቅ ያስለቀሰኝ ይሄ ነው።

ሐኪም ቤት ተመላለስኩ። ቲኤስኤች የሚሉት የደም ምርመራ አለ፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከ5 ባይበልጥ ጥሩ ነው፣ የእኔ 38 ነበር። ኪኒኑን ከ100 ማይክሮግራም ወደ 125፣ ከዚያም ወደ 150 ጨመሩልኝ። ወይ ፍንክች። ሪህ ነው ያለኝም አለ። ኪኒኑን በምን እንደምውጠው የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እኔም አልተናገርኩም፤ ምኑ ይነገራል? እናቴ በጠዋት ቡና ታፈላለች፣ እኔ ሁለቱንም ኪኒን በአቦሉ ዋጥ አደርጋለሁ።

በ2015 ዐቢይ ጾም ሲገባ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ጀመርኩ። የእንጦጦን የንጋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል! እዚያ አንዲት ሴትዮ «ኪኒን እየዋጡ ፀበል የለም፣ ጣዪው» አሉኝ። ልጥለው ምንም አልቀረኝ። ደግነቱ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ተቆጡ። «ልጄ፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው ይላል ሲራክ። ኪኒንሽን በፀበሉ ዋጪው» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ሌሊት ተነስቼ ኪኒኔን በባዶ ሆዴ በፀበል እውጣለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ቡናም የለም። ካልሲየሙ ባዶ ሆድ ላይ ስለሚያቅለሸልሸኝ ወደ ማታ፣ ከምግብ በኋላ ወሰድኩት። በየቀኑ «እመቤቴ፣ ለልጅሽ ልስገድ፣ ሌላ አልለምንሽም» እላት ነበር።

በደብረ ዘይት ሰሞን ቀለበቴን ሞከርኩት፤ ገባ። ለማንም አልተናገርኩም፣ ፈራሁ። ስቅለት ዕለት ግድግዳዬ አጠገብ ቆምኩ። «ኪርያላይሶን» ሲባል እስኪ አንዴ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ጉልበቴ ታጠፈ። ግንባሬ መሬት ነካ። ተነሳሁ። ደገምኩ። ማታ በወይራ ቅጠል ጠብ ጠብ ተደርጌ ስወጣ ስንት እንደሰገድኩ አላውቅም፤ ብቻ ነጠላዬ በእንባ ርሷል።

ከፋሲካ በኋላ ተመረመርኩ። ቁጥሩ 0.2! እንዲያውም ኪኒኑ በዛብሽ ተብዬ ወደ 125 ተመለስኩ። ሐኪሙ «ምን ለወጥሽ?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳቀ። ቡናውና ካልሲየሙ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል አለኝ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፤ ቡና አንድ ሰዓት ቆይቶ፣ ካልሲየም ደግሞ አራት ሰዓት ቆይቶ። የሰውነት ሆርሞን ተስተካክሎ በምርመራ እስኪታይም ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። ጾሙ 55 ቀን ነው። ቁጠሩት።

አንዳንዱ «ታዲያ ቡናው ነዋ፣ ምኑ ነው ተአምሩ?» ይለኛል። አዎ፣ ቡናው ነው። ታዲያ ከቡናው ማን አስጣለኝ?

አሁን እናቴ ጀበናውን ጥዳ ሰዓት ታያለች። «ደርሷል?» ትለኛለች። «አሥር ደቂቃ ይቀራል እማዬ» እላታለሁ። አቦሉን ይዛ ትጠብቀኛለች።