ባሻ እና የእማዬ ነጠላ

ባሻ ወንድ ድመት ነው። ጎረምሳ ከሆነ ወዲህ ቤቱ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል፣ ጭራውን ቀጥ ያደርጋል፣ ጭራው ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ጭርርር። መጋረጃ የለ፣ ሶፋ የለ፣ ጫማ የለ። ሽንቱ መጥቶበት እንዳይመስላችሁ። ለሽንቱማ አሸዋ ያለበት ሳፋ አለው፤ በሥርዓት ይጠቀማል። ይሄኛው ካርታ ማውጣት ነው። ኮንዶሚኒየሙን በስሙ እያዞረ ነው።

በረኪና አፈሰስኩበት። በነጋታው እዚያው ላይ ደገመው። ዕጣን አጨስኩ። ቤቱ ዕጣንም ድመትም ሸተተ።

በዚህ መሀል እማዬ ከደሴ መጣች። ጥቂት ቀን ስትቆይ አፍንጫዋ ቤቱን ለመደው። ቅዳሜ ማታ ነጠላዋን ወንበር ላይ ጣል አድርጋ ተኛች። ሌሊት ተነስታ እሱኑ ለብሳ ቅዳሴ ሄደች።

ስትመለስ ተቆጥታለች።

«አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ድመት ድመት ትሸታለች! በቤተ ክርስቲያን? ሸሽቼ ዳር ሄድኩ፤ እዚያም ሽታዋ ተከተለኝ!»

«እማዬ፣ ነጠላሽን ልጠብልሽ?»

«ምን ሆነና? ትናንት የታጠበ ነው!»

ሰኞ ባሻን ካርቶን ውስጥ አድርጌ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሮጥኩ። ሐኪሙ የበረኪናውን ነገር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ያወጣል አለኝ፤ ለሽታው ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው የሚሻለው። ዋናው መፍትሔ ግን ማኮላሸት ነው። ከ10 ወንድ ድመት 9 ያህሉ ይተዉታል ወይም በጣም ይቀንሱታል። «ግን ለውጡን ዛሬውኑ እንዳትጠብቅ፤ ሆርሞኑ ከሰውነቱ እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል።»

አስኮላሽቼው ተመለስኩ። እማዬ ስትሰማ ጉድ ፈላ።

«ዘር ሳይተካ? ሙክት ነው እንዴ? ለፋሲካ ልታርደው ነው?»

ባሻን እንደ አራስ ተንከባከበችው። ለእኔ ሽሮ፣ ለእሱ ሥጋ። እኔን በየደረሰችበት ትገላምጠኛለች፤ እሱን «አይዞህ የኔ ጌታ» ትለዋለች።

ሐሙስ ማታ ጌታው ብድግ አለ። ተንጠራራ። ቀስ ብሎ ወደ ወንበሩ ሄደ፣ ዞረ፣ ጭራውን አቆመ። ጭርርር። ነጠላው ላይ። እማዬ ፊት ለፊት።

ነጠላውን አንስታ አሸተተችው።

«ውይ በሞትኩት! ያቺን ምስኪን እኮ እስከ እግዚኦታው ድረስ ስገላምጣት ነበር!»

የሚቀጥለው እሁድ ሌላ ደብር ሄደች።