ፌዝ ከተማ፣ ቆዳ ሲለፋ

የሞሮኮዋ ፌዝ ስሟ በአማርኛ ቀልድ ይመስላል እንጂ የቆዳ ሥራዋ የምር ነው። ከአሮጌው ከተማ የቆዳ ማልፊያዎች ትልቁ ሹዋራ ነው። ባብ ቡ ጅሉድ ከሚባለው በር ተነስቶ ቁልቁል በእግር መውረድ ያምራል፤ ግን ቅያሱ መንገድ ያስታል። እኔ ከሦስት ሰው በላይ የማትጭነውን ቀይ ታክሲ ይዤ ርሲፍ ወደሚባለው ሰፈር ወረድኩ። ከዚያ የመዳብ ቀጥቃጮቹን ኳኳታ ተከትሎ ሰፋሪን አደባባይ መድረስ ነው፤ ሹዋራ ከአደባባዩ ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው። መንገድ ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ በዚህ በኩል ላሳይህ» የሚል ወጣት አይጠፋም። አመስግኖ ማለፍ። ዓርብ ግን እውነትም ብዙው ሱቅ ስለሚዘጋ ሌላ ቀን ይሻላል።

ቆዳው የሚለፋባቸውና ቀለም የሚነከርባቸው ጉድጓዶች የሚታዩት ዙሪያቸውን ከከበቡት የቆዳ ሱቆች ሰገነት ላይ ነው። በር ላይ ናና ይሰጧችኋል፤ ለአፍንጫ ነው፣ በተለይ በሙቀት ወቅት ያስፈልጋል። ወደ ሰገነቱ መውጫው በሱቁ ውስጥ ስለሆነ፣ ሳትወጡ በፊት «አይቼ ብቻ ብሄድስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ 20 ድርሃም ሰጥቼ ተስማማን።

ከላይ ሆኖ የሚያምረው ባለቀለሙ ጉድጓድ ነው፤ ዋናው ሥራ ግን ያለው ነጮቹ ውስጥ ነው። ቆዳው መጀመሪያ በኖራ፣ በከብት ሽንት፣ በውሃና በጨው ሁለት ሦስት ቀን ይዘፈዘፋል፤ ፀጉሩ ይለቅና ይፋቃል። ኖራው ግን ቆዳውን አሳብጦ ግትር ያደርገዋል። ስለዚህ የርግብ ኩስ የተበጠበጠበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ሠራተኛው እስከ ጭኑ ገብቶ በባዶ እግሩ ሲረግጠው ይቆያል። በኩሱ ውስጥ ያሉት ተህዋስያን ቆዳው ውስጥ የቀረውን የማያስፈልግ ፕሮቲን ይሰባብሩታል፣ ኖራውም ይወጣል። ጊዜው ካነሰ ቆዳው ግትር እንደሆነ ይቀራል፤ ከበዛ ደግሞ ይልምና ጉልበት ያጣል። ኩሱን የሚጠቀሙት የእኛ ፋቂ ቆዳ ለማልፋት እምቧይ እንደሚጠቀመው መሆኑ ነው።

ስለ ቀለሙ የሚነገረውን ሁሉ አትመኑ። ብጫው ሳፍሮን ነው ይሏችኋል፤ በግራም እየተመዘነ የሚሸጥ ቅመም ጉድጓድ ሙሉ ከየት ይመጣል? የፋብሪካ ቀለምም ይገባበታል።

ስትገዙ ሻጩ ላይተር ለኩሶ ቆዳው ላይ ያሳልፋል። ለዓይን እንጂ ለማረጋገጫ አይሆንም፤ ለቅጽበት ያለፈ ነበልባል ብዙ ነገር አያቃጥልም። ይልቅ የተቆረጠውን ጠርዝ እዩ፦ እውነተኛ ቆዳ ቃጫ ቃጫ ሆኖ ይታያል፣ ሰው ሠራሹ ሥር ጨርቅ አለው። ከዚያ ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥባችሁ ቦርሳው ጀርባ ላይ አሹት። ሶፍቱ ቀለም ከያዘ ቦርሳው ሸሚዛችሁንም ያቀልማል።

ለሻንጣ የሚመቸው ፑፍ የሚሉት መቀመጫ ነው። ባዶውን ይሸጡታል፣ ይታጠፋል፤ ቤት ስትደርሱ አሮጌ ልብስ መሙላት ነው።

እኔ ያጠፋሁት አዲሱን ቆዳ ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ከልብሴ ጋር ማሸጌ ነው። እርጥበቱ ታፍኖ ሽታው ባሰበት፣ ልብሱም ጠጣው። በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ስትደርሱም ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ሁለት ሳምንት ስቀሉት። ፀሐይ ላይ ከሰጣችሁት ይሰነጠቃል።